የምሳ ሰዓት የማን ነው?

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቢሮው ጭር ይላል። አንድ ወጣት ጸሐፊ ግን «ስልክ ጠብቅ» ተብሎ ከጠረጴዛው ሳይነሣ ዳቦውን ይገምጣል። ይህ ሰዓት የማን ነው እንላለን?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። የሥራ ሰዓት የሚባለውም ሠራተኛው የሚሠራበት ብቻ ሳይሆን በደንቡ መሠረት ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትም ጊዜ ነው። እንግዲህ እንደ ልቡ ወጥቶ የሚበላ ዐርፏል፤ ታዝዞ ስልክ የሚጠብቅ ግን ሥራ ላይ ስለ ሆነ ሰዓቱ ሊቆጠርለት ይገባል። የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ይተዳደራልና የራሱን ደንብ ይመልከት።

መብት ግን ያለ ግዴታ አይቆምም። ለምሳ ወጥቶ በቡና ላይ የሚዘገይ ባለጉዳዩን ደጅ ያስጠናል። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ የምሳችንን ሰዓት አናስነካ፤ የባለጉዳዩንም ሰዓት አንብላ።