ቀለሜዋ የዋሸች ቀን

ሽሮ ሜዳ ስናድግ «ቀለሜ» መባል ሙገሳ አልነበረም። የምትወደደው ፈተና ሲደርስ ብቻ ነው፤ ያን ሰሞን አጠገብህ ለመቀመጥ ግፊያ ነው። በተረፈ ለኳስ የማትመረጥ፣ ፈሪ፣ የአስተማሪ ጆሮ ጠቢ ነህ። ይባስ ብሎ እኔን የክፍል አለቃ አደረጉኝ። አስተማሪ ሲወጣ ሰሌዳው ላይ የረባሾችን ስም የምደረድረው እኔ ነበርኩ።

ሰሞኑን ማታ ማታ ለእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን የሃሪ ፖተር መጽሐፍ በአማርኛ እተርክላታለሁ። ሄርማዮኒን «ሄርሞን» ነው የምትላት፤ ክፍሏ ውስጥ ሁለት ሄርሞኖች ስላሉ አልፈርድባትም። «ዋናው ሃሪ ሆኖ ሳለ አንተ ለምን እሷን ትወዳለህ?» አለችኝ። እዚህም ልመልስላት።

ሄርማዮኒ ስትመጣ የለየላት ቀለሜ ናት። ትምህርት ሳይጀመር መጻሕፍቱን ሸምድዳ ጨርሳለች፤ ጥያቄው ሳያልቅ እጇን ታወጣለች። የሃሪ ጓደኛ ሮን፣ ጓደኛ የሌላት በዚህ ጠባይዋ እንደሆነ ሲናገር ሰምታ ሽንት ቤት ገብታ ታለቅሳለች። ትሮል የሚባለው ግዙፍ ጭራቅ የሚመጣባትም እዚያው ነው። ሃሪና ሮን ደርሰው ያተርፏታል። አስተማሪዎቹ ሲመጡ ግን ሁለቱ ልጆች ጉድ ሊፈላባቸው ነው። ይሄኔ ያቺ ከሕግ ዝንፍ የማትል ልጅ ዓይኗን በጨው አጥባ ትዋሻለች፦ ስለ ትሮል ስላነበብኩ የምችለው መስሎኝ ፍለጋ የወጣሁት እኔ ነኝ፣ እነሱ ሊያድኑኝ ነው የመጡት። ቀለሜነቷን ራሱን ለውሸቷ መሸፈኛ አደረገችው!

ከዚህም ይበልጥ የምወድላት አለ። ኋላ ላይ አንድ ሐረግ ልጆቹን ጠምጥሞ ሊያንቃቸው ሲል፣ ተክሉ ጨለማና እርጥበት እንደሚወድ ታስታውሳለች። እሳት ያስፈልጋል። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? እንጨት የለም ብላ ትሸበራለች። ጠንቋይ መሆኗን እኮ ረስታዋለች! (ፊልሙ ላይ ይሄ የለም፤ ሁሌ ያናድደኛል።) ፈተና ላይ ዘጠና አምስት አምጥቶ፣ ቆጣሪ ሲዘል ጨለማ ውስጥ ተገትሮ የሚቀር ሰው ጉለሌም ሞልቷል። አንዱ እኔ ነኝ።

የእኛው ጉዱ ካሳም ዘመዷ ይመስለኛል። ካሳ ያለበት ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) የልጆች መጽሐፍ ባይሆንም፣ ስንቶቻችን ነን በልጅነታችን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማነው። ከቤተ ክህነት ምሁር የለመድነው የቆየውን ሲያጸና ነው። ካሳ ግን በተማረው የገዛ ዘመዶቹን ሥርዓት ሞገተበት፣ ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ፍቅር ቆመ። አገሬው አበደ አለ። ዋና ገጸ ባሕርይ አይደለም፤ እኔ ግን ካሳ የሌለበትን ገጽ ቶሎ ቶሎ ነበር የማልፈው።

«ጋሼ፣ አንተስ ዋሽተህ ታውቃለህ?» አለችኝ ልጅቷ።

አንዴ። አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ የሸማኔ ልጅ ነበር፤ ማታ ማታ አባቱን ድውር ሲያግዝ አምሽቶ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ያን ቀን ግን ነቅቶ ክፍሉን ሲያተራምስ ስሙን አንደኛ ላይ ጻፍኩት። የአስተማሪው ኮቴ ሲሰማ በሹራቤ እጅጌ ጠረግሁት። «ማንን ነው ያጠፋኸው?» አለኝ፣ ጠመኔ የለበሰውን እጅጌዬን እያየ።

«ፊደል ተሳስቼ ነው» አልኩ።

በማግስቱ በረኛ ሆኜ ተመረጥኩ። አራት ገባብኝ።