የጨረራ ሕመም፦ ከስሜን ከፍታ እስከ ቁራሌው ጆንያ

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ በ2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ፣ ከኅዋ የሚወርደውን ጨረራ የሚከላከላት አየር ከቆላው ይልቅ የሳሳ ነው። ጨረራ ሲባል በሴል ውስጥ ያለውን ዘረመል ሊያበላሽ የሚችል ኃይል ማለት ሲሆን፣ ለጤና የሚያሰጋው መጠን በሚሊሲቨርት ይለካል። በዚሁ ከፍታ ላይ በምትገኘው በኢኳዶር ዋና ከተማ በኪቶ፣ አንድ ነዋሪ በዓመት 1.1 ሚሊሲቨርት ያህል የኅዋ ጨረራ እንደሚደርሰው ተሰልቷል፤ የደባርቅ ሰው ድርሻም ከዚህ ብዙ አይርቅም። መጠኑ በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው ከሦስት እጥፍ ቢበልጥም ዓመቱን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ የሚደርስ ስለሆነ ለጨረራ ሕመም አይዳርግም። አንድ የደረት ራጅም ከ0.1 ሚሊሲቨርት እምብዛም ስለማያልፍ፣ ሐኪም ያዘዘውን ምርመራ በፍርሃት መተው የባሰ ይጎዳል።

የጨረራ ሕመም የሚመጣው መላ ሰውነት በአጭር ጊዜ 1,000 ሚሊሲቨርት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ሲደርስበት ነው፤ ይህም ደባርቅ ላይ ከኅዋ በሚወርደው ብቻ ቢሆን ከ800 ዓመት በላይ ይፈጅ ነበር። ሕመምተኛው በሰዓታት ውስጥ ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋል፤ ከዚያ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት የተሻለው ይመስላል። አታላዩ ጊዜ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ደም የሚያመርተው መቅኔ ተጎድቶ፣ ነባሮቹ የደም ሴሎች ሲያልቁ የሚተካቸው ስለሚጠፋ፣ ኢንፌክሽንና መድማት ይከተላሉ። የመጀመሪያው ማስመለስ ከምግብ መመረዝ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ታማሚው ምን እንደነካ ያልጠየቀ ሐኪም በቀላሉ ይሳሳታል።

ለተራው ሰው እጅግ የሚያሰጋው ባለቤት ያጣ የጨረራ ምንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚሏ ጎያኒያ ከተማ፣ ከተተወ የሕክምና ማዕከል የወጣ የካንሰር ማከሚያ መሣሪያ ለቁራሌ ነጋዴ ተሸጠ፤ በውስጡ የነበረው የሲዚየም-137 ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚሰጥ ሰዎች ለቤተሰብ አካፈሉት፣ ገላቸውንም ቀቡት፤ 249 ሰዎች ተበክለው አራቱ ሞቱ። በኢትዮጵያም የጨረራ ምንጮች ለካንሰር ሕክምናና ለኢንዱስትሪ ስለሚያገለግሉ፣ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 ያለ ፈቃድ መያዛቸውን ይከለክላል፤ ሆኖም አሮጌ ብረት ከከተማ ከተማ በሚዞርበት አገር ሕጉ ብቻውን አይበቃም።

በቢጫ መደብ ላይ ባለሦስት ክንፍ ጥቁር ምልክት ያለበት፣ ወይም ለመጠኑ ከልክ በላይ የሚከብድ የብረት ዕቃ ያገኘ ሰው ሳይነካና ሳይከፍት ይራቅ፤ ሌሎችንም አርቆ ለፖሊስ ያሳውቅ፤ ነክቶት ከሆነም ለሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ ይህንኑ ይንገር።