የታፈነ ፍሳሽ ሒሳብ የማን ነው?

በጋራ መኖሪያ ሕንፃ የፍሳሽ መስመር ሲታፈን ቆሻሻው የሚገነፍለው የወጥ ቅባትና የቡሃቃ እጣቢ ከደፋው ከአራተኛ ፎቅ ቤት አይደለም፤ ግራውንድ ላይ ከሚኖረው ሰው ሽንት ቤት ነው። ውሃ ቁልቁል ይወርዳል፣ መውጫ ሲያጣ ደግሞ ዝቅ ብሎ ባገኘው ቀዳዳ ይወጣል። የግራውንዱ ነዋሪ ምንጣፉን አውጥቶ ይጥላል፣ የቁም ሣጥኑ እግር ይበሰብስበታል፣ ልጆቹን ይዞ ዘመድ ቤት ያድራል፣ ባለሙያም ከኪሱ ከፍሎ ይጠራል። ከላይ ያሉት ቤቶች በዚያው ሰዓት ዕቃ እያጠቡ ነው። ጥፋቱ የሁሉም ሆኖ ሒሳቡ የአንድ ቤት ይሆናል።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የጎረቤት ጭቅጭቅ ተብሎ ይታለፋል። ከጭቅጭቁ በስተጀርባ ያለው ግን የኢኮኖሚ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት ወጪው በሌላው ላይ ካረፈ፣ እንዲጠነቀቅ የሚያስገድደው ዋጋ የለም ማለት ነው። በቤታችን ቧንቧና ፍሳሽ ላይ ቆጠብነው የምንለው ገንዘብ አብዛኛው አልተቆጠበም። ወይ ለነገ ተላልፏል፣ ወይ ለጎረቤት ተላልፏል። ሲመለስ ደግሞ በዝቶ ነው የሚመለሰው።

የሚንጠባጠበው ሊትር ዋጋ

ከትንሹ እንጀምር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚያሰላው በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በዓመት ከ11 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ያባክናል። ውሃ መያዝ ያቃተው የሽንት ቤት ፍላሽ ደግሞ የባሰ ነው፤ በቀን በአማካይ ወደ 750 ሊትር ሊያፈስ ይችላል። ጣሪያ ላይ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ያለው ቤተሰብ አንድም ጀሪካን ሳይቀዳ ታንከሩ በሦስት ቀን ውስጥ ባዶ ይሆናል ማለት ነው።

ብዙ ሰው ይህን ብክነት የሚለካው በወርኃዊው የውሃ ክፍያ ነው። የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣኑ ታሪፍ አነስተኛ ስለሆነም «ምን ያህል ቢቆጥር ነው» ብሎ ይተወዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ግን የባከነው ሊትር ትክክለኛ ዋጋ ታሪፉ አይደለም፤ የሚተካው ሊትር ዋጋ ነው። ሮቶው ባዶ ሆኖ ፈረቃው ሳይደርስ ሲቀር ቤተሰቡ በቦቴ የሚመጣ ውሃ ይገዛል፣ ጀሪካን ያሸክማል፣ ፓምፕ ያስነሳል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በጥቂት ብር የምትገዛ ጎማ በጊዜው ስላልተቀየረች ነው።

መመርመሪያው ቀላል ነው። ውሃ ባለበት ቀን ማታ ቧንቧውን ሁሉ ዘግተው፣ ሮቶው ሞልቶ መቅዳት ማቆሙን አረጋግጠው ቆጣሪውን ይዩት። እየዞረ ከሆነ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ለሽንት ቤቱ ደግሞ በፍላሹ ሳጥን ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምረው አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፤ ሳይለቁት ቀለሙ ከታች መቀመጫው ውስጥ ከታየ ፍላሹ ያፈሳል።

ፈረቃው ራሱም ሌላ ጉዳት አለው። ውሃ ሲጠፋ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ የተሰነጠቀ ቧንቧ በፍሳሽ ጉድጓድ አጠገብ ካለፈ ከዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ውሃው ሲመለስ የመጀመሪያው ጠጪ ሕፃን ልጅ ቢሆን የሕክምናው ወጪ ቧንቧውን ከማስጠገን ወጪ ጋር የሚወዳደር አይሆንም።

የጉድጓዱ ስሌት

በአዲስ አበባ ብዙ ግቢ ዛሬም በጉድጓድ ነው የሚገለገለው። በትክክል የተሠራ ሴፕቲክ ታንክ ሥራው ግልጽ ነው። ጠጣሩ ከሥር ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ከመሐል ያለው ፈሳሽ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ያልፋል። ዝቃጩ ካልተነሳ ግን ከፍ እያለ መጥቶ ከፈሳሹ ጋር ይወጣና የማስረጊያውን አፈር ቀዳዳዎች ይደፍናል። ያን ጊዜ ማስመጠጥ ብቻውን አያድንም፤ አዲስ ማስረጊያ መቆፈር ይመጣል።

መቼ እንደሚሞላ ማስላት ይቻላል። በምህንድስና ግምት አንድ ሰው በዓመት 40 ሊትር ገደማ ዝቃጭ ይፈጥራል። ስድስት ሰው የሚኖርበት ቤት በዓመት 240 ሊትር ይሆናል። 3,000 ሊትር የሚይዝ ታንክ ሲሶው በዝቃጭ ሲያዝ መመጠጥ አለበት ብንል፣ ያ ቀን የሚደርሰው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። አሁን ባለቤቱ በግቢው ውስጥ ሰርቪስ ክፍሎች ሠርቶ አከራየ እንበል፤ በግቢው የሚኖረው ሰው 18 ደረሰ። ዝቃጩ በዓመት 720 ሊትር ይሆናል፣ ታንኩም በ17 ወር ያን መጠን ይደርሳል። የነዋሪው ቁጥር ሦስት እጥፍ አድጎ የጉድጓዱ በጀት ባለበት ከቆመ፣ ከኪራዩ ትርፍ የተወሰነው ትርፍ አይደለም፤ ያልተከፈለ ዕዳ ነው።

አፈሩም ወጪ ያበዛል። ከቦሌ እስከ አቃቂ በተዘረጋው ሜዳማ አካባቢ በብዛት የሚገኘው ጥቁር መረሬ ውሃ በደንብ አያሰርግም። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ በዚህ መሐል የተቀበረውን ቱቦ መገጣጠሚያ ያላቅቃል። በቀይ አፈር ላይ ዓመታት የሚያገለግል ጉድጓድ በዚህ አፈር ላይ በመጀመሪያው ክረምት ሊሞላ ይችላል። የጣሪያውን አሸንዳ ከፍሳሹ መስመር ጋር ያገናኘ ቤት ደግሞ የሐምሌን ዝናብ በሙሉ ወደ ጉድጓዱ እየላከ ነው።

ማስመጠጫው እንዳይከፈል ተብሎ በዝናብ ሌሊት ጉድጓዱን ወደ ጎርፍ መውረጃ የሚለቅ ሰው መኖሩ የተሰወረ አይደለም። የቃሊቲው ማጣሪያ በዓለም ባንክ ድጋፍ ተስፋፍቶ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ የማጣራት አቅም እንዲኖረው ተደርጓል። በሌሊት የሚለቀቀው ቆሻሻ ግን ማጣሪያውን ሳያይ ወንዝ ይገባል። የአቃቂን ወንዝ ተከትሎ በመስኖ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ደግሞ ተመልሶ ለከተማው ገበያ ይቀርባል። ባለቤቱ ወጪውን ያስቀረ ይመስለዋል፤ ከፋዮቹ ግን አትክልቱን የሚበሉት ሁሉ ናቸው።

ማስመጠጥ ከመልሶ መገንባት ምን ያህል እንደሚረክስ ከአሜሪካ የመጣ አንድ ንጽጽር ያሳያል። ቀደም ብሎ የተጠቀሰው ኤጀንሲ እንደሚለው በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ የሚደረግ እንክብካቤ ከ250 እስከ 500 ዶላር ሲያስወጣ፣ የተበላሸውን መጠገን ወይም መተካት ከ5,000 እስከ 15,000 ዶላር ይፈጃል። ለእንክብካቤው ከፍተኛውን፣ ለጥገናው ዝቅተኛውን ዋጋ ብንወስድ እንኳ ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው።

እኛ ዘንድ ይህን ልዩነት የሚያሰፋ ነገር ተከስቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሳኒተሪ ዕቃ በብዛት ከውጭ ይገባል፤ እዚህ የሚመረተው የፒቪሲና የፒፒአር ቧንቧም ጥሬ ዕቃው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። የባለሙያው ጉልበትና የማስመጠጫው አገልግሎት ግን በአብዛኛው የብር ወጪ ነው። ዕቃ መተካት በዶላር ሲወደድ መንከባከብ በብር የሚከፈል ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው። ጥገናን ማስቀደም ከምንጊዜውም በላይ የሚያዋጣውም ለዚህ ነው።

ከግድግዳ በስተጀርባ ያለው ሥራ

ሰው ሥራውን በጊዜው የማያሠራበት አንድ እውነተኛ ምክንያት አለ፤ ባለሙያውን አያምነውም። ይህም ቢሆን መሠረት አለው። የቧንቧ ሥራ ሲያልቅ በሲሚንቶና በሴራሚክ ይሸፈናል፤ ጥሩውና መጥፎው ሥራ ከውጭ አንድ ይመስላሉ። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት፣ በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙላቸው ሥራዎች አንዱ በሆነው ጥናት፣ ገዢው ጥራትን መለየት ሲያቅተው በገበያው ላይ ምን እንደሚደርስ አሳይተዋል። ገዢው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፣ ጥራት ያለው አቅራቢ አያዋጣኝም ብሎ ይወጣል፣ ገበያው ለደካማው ይቀራል። እሳቸው የጻፉት ስለ አሮጌ መኪና ነበር፤ የእኛ የቧንቧ ሥራ ገበያ ግን ከዚህ የራቀ አይደለም።

መፍትሔው ጥራቱ እንዲታይ ማድረግ ነው። ጥሩ ባለሙያ ፍሳሽ ታፈነ ተብሎ ሲጠራ መጀመሪያ ይጠይቃል፣ ያያል። የኩሽናው ገንዳ ብቻ ከሆነ የዘገየው ችግሩ ከሥሩ ባለው ሲፎን ወይም በቅርቡ ባለው ቱቦ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከዘገዩ ችግሩ በዋናው መስመር ወይም በጉድጓዱ ነው። ቀጥሎ የማንሆሉን ክዳን ይከፍታል። ማንሆሉ ሞልቶ ከቆመ የታፈነው ከእሱ በታች ነው፤ ባዶ ከሆነ ከእሱ በላይ ነው። ይህች የጥቂት ደቂቃ ምርመራ ሴራሚክ ከማስፈረስ ታድናለች።

ችኩሉ ሠራተኛ ግን ሳያይ አሲድ ይደፋል። አሲድ የብረት ቧንቧን ይበላል፣ ዓይንና እጅ ያቃጥላል፣ በታንኩ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይጎዳል፤ የተቀረቀረውን ጨርቅና ዳይፐር ግን አያነሳውም።

አዲስ መስመር ሲዘረጋም የሚታዩ መለኪያዎች አሉ። 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ በየሜትሩ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። ፒፒአር ቧንቧ ሲበየድ ከመጠን በላይ ከቀለጠ ውስጡ ይጠብባል፣ ካልበቃው ቆይቶ ያፈሳል፤ ስለዚህ ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት በግፊት ተፈትኖ ባለቤቱ ማየት ይኖርበታል። የአየር መተንፈሻ ቱቦ ካልወጣለት መስመሩ የሲፎኑን ውሃ ይመጥና ቤቱ ይሸታል። ግድግዳው ሳይደፈን ፎቶ ማንሳት ደግሞ ምንም አያስከፍልም፤ ከዓመታት በኋላ ለሚመጣው ጠጋኝ ግን ካርታ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያሟላ ሰው ከፍ ያለ ዋጋ ሊጠይቅ ይገባዋል። በቴክኒክና ሙያ ሠልጥኖ የብቃት ምዘና ያለፈ ሠራተኛ ምስክር ወረቀቱን ሲያሳይ ዋጋ የሚጨምርለት ደንበኛ ካላገኘ፣ ሙያውን ለመማር ለምን ይደክማል? በዋጋ ብቻ የምናወዳድር ከሆነ ደካማውን ሥራ ያበዛነው ራሳችን ነን።

አንድ ነገር ደግሞ በምንም ሒሳብ አይቆጠብም። የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ መርዛማ ጋዝ ይጠራቀማል፣ ኦክስጅንም ያንሳል። የቀን ሠራተኛን «ገብተህ ጥረገው» ብሎ ማውረድ ሊገድለው ይችላል፤ ሊያወጣው የሚወርደውንም አብሮ ሊገድል ይችላል። ረክሶ የተገኘ ሥራ ዋጋው የሰው ሕይወት እንዲሆን መፍቀድ የለብንም።

ዕድር የምናውቅ ሰዎች ነን

የጋራ ወጪን በጋራ መክፈል ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሞት መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፣ መምጣቱ ግን አይቀርም፤ ስለዚህ ሕዝባችን በየወሩ ለዕድር እያዋጣ ይጠብቀዋል። የጉድጓድ መሙላት ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነው፤ ከላይ እንዳየነው ጊዜውን በግምት ማስላት ይቻላል። ለስሌት ያህል የአንድ ሕንፃ የዓመት ማስመጠጫና የመስመር ማጽጃ ወጪ 24 ሺህ ብር ቢሆንና 20 ቤት ቢኖረው፣ የእያንዳንዱ ድርሻ በወር 100 ብር ነው። በድንገት ከሆነ ግን ያው ገንዘብ በአንድ ቀን ይጠየቃል፣ ግማሹ ቤት «የለኝም» ይላል፣ ሥራው ይቆማል።

ሕጉም መንገድ ከፍቷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው የጋራ መጠቀሚያዎችን እንዲያስተዳድሩ፣ ለወጪውም እንዲያዋጡ ይደነግጋል። የሚቸግረው አፈጻጸሙ ነው። ብዙ ባለቤት ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ይኖራል። ሽታው አይደርሰውም፣ ስለዚህ አይከፍልም። ተከራዩ ደግሞ ነገ ለሚለቀው ቤት አይከፍልም። መዋጮው በኪራይ ውሉ ላይ ከፋዩ ተጠቅሶ ካልሰፈረ ይህ ቋጠሮ አይፈታም።

እንግዲህ የቤት ባለቤቶች፣ አከራዮችና የሕንፃ ኮሚቴዎች ሆይ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ክረምቱ ሳይገባ አራት ነገር አድርጉ። ማንሆሎቻችሁን አስከፍታችሁ እዩ፤ ዝቃጩን ከላይ ሆናችሁ በረጅም እንጨት ለኩ። አሸንዳችሁን ከፍሳሽ መስመር አላቁ። የተመጠጠበትን ቀን መዝግባችሁ የሚቀጥለውን አስሉ። ወርኃዊ መዋጮውን በቃለ ጉባኤ ወስኑና ከዚህ ወር ጀምሩ። ሥራውን ለሚያውቀው ባለሙያም የሚገባውን ክፈሉት፤ በምላሹ ደረሰኝና በጽሑፍ የሰፈረ ዋስትና ጠይቁት።