አንጎል የያዘው ካርታና እኛ የሣልነው ካርታ



የዛሬው ንግግሬ የሰው አንጎል የመላ አካላችንን፣ በተለይም የመራቢያ አካላትን ስሜት በየትኛው ሥፍራው እንደሚቀበል ይመለከታል። ጉዳዩ የአናቶሚ ጥያቄ ብቻ ቢመስልም ከሥሩ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሰው ለመናገር ስለሚያፍርበት ነገር ሳይንስ የታመነ መረጃ የሚያገኘው እንዴት ነው የሚል ነው።

ከአንዱ ጆሮ ተነሥቶ በአናት ላይ አልፎ ወደ ሌላው ጆሮ የሚወርድ ቀጭን መቀነት በዐይነ ኅሊናችሁ ሣሉ። ከቆዳ የሚነሣው የመነካት ስሜት ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ተሻግሮ በዚህ መቀነት ሥር ባለው የአንጎል ቅርፊት ላይ ያርፋል። አቀማመጡ ሥርዓት አለው። ፊት ወደ ጆሮ ዝቅ ብሎ፣ እጅ ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ደረትና ሆድ ወደ አናት ተጠግተው፣ እግር ደግሞ ሁለቱ የአንጎል ንፍቆች በሚተያዩበት የውስጥ ግድግዳ ላይ ይገኛሉ። የሥፍራው ስፋት ከአካሉ ግዝፈት ጋር አይሄድም፤ የሚከተለው ስሜቱ የቱን ያህል ረቂቅ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ከንፈርና የጣት ጫፍ ከመላው ጀርባ የበለጠ ቦታ ይይዛሉ።

ይህን ካርታ ለዓለም ያስተዋወቁት በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ ይሠሩ የነበሩት የአንጎል ቀዶ ሐኪም ዊልደር ፔንፊልድ ናቸው። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም። ስለዚህ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሕሙማን ሲያክሙ የራስ ቆዳን ብቻ አደንዝዘው፣ ታካሚው ነቅቶ ሳለ ቅርፊቱን በደካማ ኤሌክትሪክ እየነኩ ምን እንደተሰማው ይጠይቁት ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ ጥናታቸው ከኤድዊን ቦልድሪ ጋር እ.ኤ.አ. በ1937 ታተመ። ከቴዎዶር ራስሙሰን ጋር በ1950 ባሳተሙት መጽሐፍም የመራቢያ አካል ከእግር ጣቶች በታች ተቀመጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። በሰውነታችን ላይ የመራቢያ አካል የእግር ጣት ጎረቤት አይደለም፤ በካርታው ላይ ግን ሁለቱ ተጎራበቱ። ማስረጃው የጥቂት ሕሙማን ቃል ነበር። የራስ ቅሉ ተከፍቶ፣ በሐኪሞች ተከብቦ የተኛ ሰው በብልቱ ላይ የተሰማውን ሁሉ ሳይሸሽግ ይናገራል ብሎ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። የሴት አካል ደግሞ በብዙ መማሪያ መጻሕፍት ከሚታየው ሥዕል ጭራሹን ቀርቷል።

በዚህ ጉርብትና ላይ ሌላ ማብራሪያ ተገነባ። እግራቸው ከተቆረጠ በኋላ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ጊዜ በሌለው እግራቸው ላይ ስሜት እንደሚሰማቸው የተናገሩ ሰዎች ነበሩ። ቪላያኑር ራማቻንድራን የብልት ሥፍራ ባዶ ወደቀረው የእግር ሥፍራ ስለሚስፋፋ ነው ብለው አስረዱ። ጉርብትናው ከተናጋ ማብራሪያውም አብሮ ይናጋል።

በኤምአርአይ መሣሪያ የተደረጉት ጥናቶች ጥያቄውን እንደገና ከፈቱት። ክርስቲያን ኬልና ባልደረቦቻቸው በ2005 የወንድ ብልት ሥፍራ በአካላችን ቅደም ተከተል መሠረት በእግርና በሆድ ሥፍራዎች መካከል እንደሆነ አሳዩ። በ2011 ባሪ ኮሚሳሩክና ባልደረቦቻቸው በሴቶች ላይ ያደረጉት ጥናት ግን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ፣ ማለትም ፔንፊልድ ወዳመለከቱት አካባቢ መራ። በ2022 የታተመ የበርሊን ጥናት ደግሞ በ20 ሴቶች ላይ የቂንጥርን አካባቢ በሚርገበገብ ትንሽ መሣሪያ ነክቶ፣ ምላሹን ከዳሌ ሥፍራ አጠገብ አገኘው። ትክክለኛው ቦታም ከሴት ሴት ይለያይ ነበር።

ልዩነቱ ከየት መጣ? በእኔ ግምት ትልቁ ምክንያት የአነካኩ ዘዴ ነው። ሰው ራሱን በእጁ ሲነካ ጭኑና ሆዱም አብረው ይነካሉ፤ የፍትወት ስሜት ሲቀሰቀስም ሌሎች የአንጎል ክፍሎች ይነቃሉ። ቀላልና የተወሰነ ንክኪ ሲደረግ ግን ውጤቱ ወደ አካላዊው ቅደም ተከተል ያዘነብላል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ ቋንቋችን የኀፍረቱን ልክ ያሳየናል። ‘ብልት’ የማንኛውም የአካል ክፍል ስም ነው፤ የዶሮን ዐሥራ ሁለት ብልት የማያውቅ የለም። ዛሬ ግን ቃሉን በሐኪም ፊት ብንጠራው አንድ ነገር ብቻ ያሳስባል። ‘ኀፍረተ ሥጋ’ የሚለው ስያሜማ ኀፍረቱን ከአካሉ ጋር አጣብቆታል።

ይህ በሕክምና ዋጋ ያስከፍላል። በታችኛው ወገብ የሚወርዱት የነርቭ ሥሮች በተንሸራተተ ዲስክ ሲጨፈለቁ፣ በኮርቻ ስንቀመጥ ኮርቻውን የሚነካው አካባቢ ይደነዝዛል፤ ሽንትንም መቆጣጠር ያዳግታል። ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገ ጉዳቱ ዘላቂ ሊሆን ይችላል። ታማሚው ግን «ወገቤን ያመኛል፣ እግሬን ይደነዝዘኛል» ብሎ ሊያቆም ይችላል። ቀሪውን የሚሰማው የጠየቀ ሐኪም ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ነገ በታማሚ አልጋ አጠገብ ስትቆሙ መጋረጃውን ሳቡ፣ አስታማሚው ለጥቂት ደቂቃ እንዲወጣ በትሕትና ለምኑ፤ ከዚያም በግልጽ ቃል፣ ሳታፍሩና ሳታሳፍሩ ጠይቁ። የፔንፊልድ ካርታ ብዙ አስተምሮናል፤ ያልተነገረውን ግን ሊመዘግብ አልቻለም።