ቀፎ ባለበት ግቢ ኤሊ ማኖር

ኤሊ አደጋ ሲመጣባት አትሮጥም። አንገቷንና እግሮቿን ሰብስባ ቅርፊቷ ውስጥ ትገባና አደጋው እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ይህ ዘዴ ከብዙ ጠላት ያድናታል፤ ከተቆጣ ንብ ግን አያድናትም፣ እንዲያውም ቀፎው ሥር አስቀምጦ ያስነድፋታል። ስለዚህ ንብና ኤሊን በአንድ ግቢ የሚያኖር ሰው የኤሊዋን ሽሽት ቀድሞ ራሱ ሊያስብላት ይገባል፤ ቀፎውንና እሷን አራርቆ በማስቀመጥ። ከተነደፈች ደግሞ ዕጣዋ በአብዛኛው የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው።

ቅርፊቱ የማይሸፍነው

የኤሊ ጀርባና ሆድ አጥንት ነው፤ አጥንቱም ላዩን ጥፍር በሚመስል ጠንካራ ሽፋን ተለብጧል። የንብ መንደፊያ ይህን አይበሳውም። ሳይሸፈን የሚቀረው ለስላሳ ቆዳ ግን ጥቂት አይደለም፦ የዓይን ቆብ፣ የአፍንጫና የአፍ ዙሪያ፣ አንገት፣ የፊት እግሮች ብብት፣ የኋላ እግሮች ብሽሽትና የጅራት ሥር። ራሷን ስትሰበስብ የፊት እግሮቿ ፊቷን ይጋርዱላታል፤ በብብቷና በብሽሽቷ በኩል ግን ንብ የምትገባበት ክፍተት ይቀራል።

አተነፋፈሷም ለአደጋ ያጋልጣታል። ኤሊ እንደ ሰው ድያፍራም የላትም፤ አየር የምታስገባውና የምታስወጣው በእግሮቿና በሆዷ ጡንቻዎች እንቅስቃሴ ነው። አንገቷ ወይም የአፏ ውስጥ ካበጠ እንደ እኛ በኃይል አስላ መተንፈሻዋን ማጽዳት አትችልም።

የሠራተኛ ንብ መንደፊያ ወደ ኋላ የዞሩ ጥርሶች አሉት፤ ስለዚህ ቆዳ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል። የመርዝ ከረጢቱም አብሮ ተነቅሎ መርዙን መግፋቱን ይቀጥላል። አብዛኛው መርዝ የሚገባው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ነው። በዚያው ቅጽበት የበሰለ ሙዝ የሚመስል ሽታ ይወጣል፤ ሌሎቹ ንቦች ሽታውን ተከትለው እዚያው ቦታ ላይ ይረባረባሉ። ለዚህም ነው ለኤሊ የሙዝ ልጣጭ ከቀፎ አጠገብ የማይጣለው።

የክብደቷም ነገር አለ። ለአጥቢ እንስሳት በኪሎ 20 ገደማ ንድፊያ ለሞት እንደሚያደርስ ይገመታል። ስሌቱ እንዳለ ለኤሊ ባይሠራም፣ ግማሽ ኪሎ የማትሞላ ግልገል ከአንዲት 15 ኪሎ ኤሊ ይልቅ ለምን እንደሚያሰጋት ያሳያል።

የሚገናኙባቸው ቦታዎች

ንብ ያለ ምክንያት ኤሊን አያሳድድም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያገናኛቸው ውኃ፣ አበባና የቀፎው ደጃፍ ነው።

ንቦች በበጋ ቀፎውን ለማቀዝቀዝና ዕጭ ለመመገብ ብዙ ውኃ ይቀዳሉ። የኤሊዋ ሰፊና ዝቅ ያለ ሳህን ደግሞ ለንብ የተመቸ ነው። አንዴ ከለመዱት በየቀኑ ይመላለሱበታል፤ ኤሊዋም ልትጠጣ አንገቷን ስትሰድ ወይም ሳህኑ ውስጥ ስትገባ ትረግጣቸዋለች።

ኤሊ መሬት ላይ የወደቀ አበባ ትወዳለች፤ አበባው ላይ ያለችውን ንብ ለይታ አትተውም። አብራ ከጎረሰቻት ምላሷ ወይም ጉሮሮዋ ላይ ትነደፋለች፤ ከሁሉ የሚከፋውም ይህ ነው። ከቀፎው በር ሥር የረገፉ የሞቱና የሚያጣጥሩ ንቦችም አሉ። የሞተች ንብ መንደፊያ ከተነካ ሊወጋ ይችላል፤ ስለዚህ የቀፎው ደጃፍ በየጊዜው ይጠረግ።

በመጨረሻም ኤሊ መንገዷን የዘጋውን ነገር መዞር አይሆንላትም፤ ትገፋዋለች። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ ባለው የሳህል ምድር የሚገኘው ትልቁ ኤሊ ከ50 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ጉድጓድም ይቆፍራል። በቀጫጭን እንጨት ላይ የተደገፈ ቀፎ እንዲህ ዓይነቱን ጉልበት አይቋቋምም።

ቀፎው የት፣ ኤሊዋ የት?

ቀፎው ኤሊዋ ልትገፋው በማትችለው፣ መሬት ውስጥ በጥልቅ በተተከለ መደብ ላይ ይቀመጥ፤ ከመሬትም አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። በሩ ኤሊዋ ካለችበት ተቃራኒ ይዙር። ከበሩ ፊት ሁለት ሜትር ያህል ቁመት ያለው የቁጥቋጦ ወይም የቆርቆሮ አጥር ቢኖር ንቦቹ ሲወጡ ሽቅብ ይነሣሉ፤ በሰውና በእንስሳ ቁመት አይበሩም።

በኤሊዋና በቀፎው መካከል ግቢው የፈቀደውን ያህል ርቀት ይተው፤ ከ10 ሜትር ባያንስ ይመረጣል። የኤሊዋ አጥር የማያሳይ ድፍን ይሁን፤ 50 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው የድንጋይ ወይም የብሎኬት አጥር ይበቃል። በሽቦ አጥር ግን ወዲያ ማዶ ስለሚታያት ቀኑን ሙሉ ስትገፋው ትውላለች።

ለንቦቹ የራሳቸው ውኃ ይዘጋጅላቸው፦ ጠጠርና ጭራሮ የተደረገበት ገበቴ ከቀፎው አጠገብ ይቀመጥ፤ ውኃው እንዳይደርቅም ይታይ። ንብ የለመደውን ቦታ በቀላሉ አይተውም፤ ስለዚህ ይህን ቀፎው ከገባበት ቀን መጀመር ያስፈልጋል። የኤሊዋ ሳህን ጥላ ሥር ይሁን፤ ጠጥታ ስትጨርስም ይነሣ።

ከሁሉ በላይ፣ ቀፎ ባለበት ግቢ ኤሊ አትታሰርም። ቅርፊቷን በስተው ገመድ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። ቅርፊቱ ሕይወት ያለው አካል ነው፤ ሲበሳ ያማል፣ ያመረቅዛልም። ንብ በተነሣ ቀን ደግሞ የታሰረ እንስሳ ማምለጫ የለውም፤ በንብ የሚሞቱ አህዮችና በጎች ብዙውን ጊዜ ታስረው የተገኙ ናቸው። በኢትዮጵያ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል፤ ከሜዳ የተገኘች ኤሊ ወደ ቤት አትወሰድም።

በአሪዞና፣ በኔቫዳና በቴክሳስ ለሚኖሩ ወገኖች ይህ ጉዳይ ቀፎ ባይኖራቸውም ይመለከታቸዋል። በ1956 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ወደ ብራዚል የተወሰዱት ንቦች በማግስቱ ዓመት አምልጠው ከአካባቢው ንብ ጋር ተዳቀሉ፤ ዝርያቸውም በ1990 ቴክሳስ ደረሰ። እንደ አገራችን ንብ ቶሎ የሚቆጡ ናቸው፤ በውኃ ቆጣሪ ሣጥን፣ በጣሪያ ሥርና ሰው በተወው ማንኛውም ባዶ ነገር ውስጥ ይገባሉ። ባዶ የቆየ የኤሊ ቤት ከዚህ አያመልጥምና ኤሊዋ ከመግባቷ በፊት ይፈተሽ።

ማር ሲቆረጥ

በአገራችን ዋናው የማር ቆረጣ አደይ አበባ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ቆረጣው ብዙ ጊዜ በምሽት ስለሚሆን ኤሊዋ ተኝታለች ብሎ መዘናጋት አለ። ጭስና ጨለማ ያደናገራቸው ንቦች ግን መሬት ላይ ረግፈው ያድራሉ። ጎህ ሲቀድ በቅዝቃዜ የደነዘዙት ሣሩ ላይ ሲድኹ ይገኛሉ፤ ፀሐይ ስትሞቅ ኤሊዋ ለግጦሽ የምትወጣውም እዚያው ሣር ላይ ነው። ስለዚህ ኤሊዋ ከቆረጣው በፊት በር በሚዘጋ ቤት ትግባ፤ በማግስቱም ንቡ ተረጋግቶ ወደ ሥራው እስኪመለስ አትውጣ።

ከተነደፈች

መጀመሪያ ራስዎን ይሸፍኑ። ዓይነ ርግብና ጓንት ከሌለ ወፍራም ነጣ ያለ ልብስና ፊት የሚሸፍን ነጠላ ይጠቅማል። ንቡን በእጅ መከላከል የበለጠ ያስቆጣዋል። ኤሊዋን ጨርቅ ጣል አድርገውባት በሁለት እጅ ያንሡና ጨለም ወዳለ ክፍል ያስገቧት፤ የተከተሏት ንቦች ወደ መስኮቱ ብርሃን ይሄዳሉ።

ቀጥሎ መንደፊያዎቹን ያውጡ። ጥቁር ነጥብ መስለው ይታያሉ፤ ብብቷንና ብሽሽቷን ገልጠው ይፈልጉ። በጥፍርም ሆነ በባንክ ካርድ ጠርዝ ፍቆ ማውጣት ይቻላል፤ ከአወጣጡ ይልቅ ፍጥነቱ ይበልጣል። አፏን በግድ አይክፈቱ። ዓይኗ አካባቢ ከሆነ በንጹሕ ለብ ያለ ውኃ ወይም በሳላይን ያጥቡና የቀረውን ለሐኪም ይተዉ።

እብጠቱ ላይ በቀዝቃዛ ውኃ የረጠበ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ማኖር ይቻላል። በረዶ ግን አይደረግም፤ ኤሊዋም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አትነከርም። የሰውነቷ ሙቀት ከአካባቢዋ ጋር ስለሚወርድ ብርድ ካገኛት የደም ዝውውሯም የበሽታ መከላከያዋም ይደክማል። ከ26 እስከ 30 ዲግሪ በሚሞቅ ጸጥ ያለ ቦታ ትቀመጥ። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙናና ላምባ አይቀቡ። ለሰው የታዘዘ የአለርጂ ክኒን ሰባብሮ መስጠትም አደገኛ ነው፤ መጠኑ በክብደቷ ልክ በሐኪም ይወሰናል።

እግሯ ወይም አንገቷ ላይ አንድ ሁለት ቦታ የተነደፈች ትልቅ ኤሊ ብዙ ጊዜ በእረፍት ትድናለች። አፏ ውስጥ ወይም ዓይኗ ላይ ከተነደፈች፣ ንድፊያው ከበዛ፣ ወይም ግልገል ከሆነች ግን ምልክት ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ይውሰዷት። አፏን ከፍታ አንገቷን እየዘረጋች የምትተነፍስ፣ ስትነካ እግሯን የማትሰበስብ ወይም ሽንቷ የጠቆረ ኤሊ ጊዜ የላትም። የኤሊ አካል አዝጋሚ ስለሆነ ችግሩ ዘግይቶ ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ ለቀናት መብላቷንና ዓይኗን መግለጧን ይከታተሉ።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ክብደቷን፣ የተነደፈችበትን ሰዓትና የንድፊያውን ብዛት ይያዙ። በሰፈሩ ኤሊ ያከመ ሰው ከሌለ በቢሾፍቱ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መጠየቅ ይቻላል። ለከብት መዥገር የሚሰጠው አይቨርሜክቲን ኤሊን እንደሚገድል ለሚያክማት ሁሉ ይንገሩ። ያነሣት ሰው ራሱ ከተነደፈና ትንፋሽ ካጠረው፣ ሰውነቱን ሽፍ ካለው ወይም ካዞረው እሱ ይቀድማል፤ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ይህን ሁሉ አንብቦ ግቢውን የለካ ሰው ርቀቱ እንደማይበቃ ሊያገኘው ይችላል። በጠባብ ግቢ ውስጥ አጥሩም ውኃውም የሚያደርጉት አደጋውን መቀነስ ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ ቀፎው ወደ ሌላ ቦታ ይሂድ፤ ንብ ራቅ ካለ ቦታም በርሮ ይቀስማል፣ ኤሊ ግን ያስቀመጧት ቦታ ትቀራለች።