ቡና ሲቆላ የሚጮኸው ሣጥን

በአሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአፓርታማ የሚኖር ሐበሻ ቤት ቡና ሲቆላ የሚሆነውን የማያውቅ የለም። ፍሬው ጠቆር ብሎ ቅባቱ ብቅ ማለት ሲጀምር፣ ኮሪደሩ ጣራ ላይ የተለጠፈው ነጭ ሣጥን ጆሮ በሚበሳ ድምፅ ይጮኻል። አንዱ መስኮት ይከፍታል፣ ሌላዋ በነጠላዋ ጫፍ ጭሱን ታራግባለች፣ ቁመቱ የሚደርስለት ወንበር ላይ ወጥቶ ባትሪውን ይነቅላል። ቡናው ይቀጥላል። ባትሪው ግን መሳቢያ ውስጥ ከአሮጌ ቻርጀርና ከማይታወቅ ቁልፍ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል፤ ሣጥኑም ከዚያች ቀን ጀምሮ የጣራ ጌጥ ነው።

ስለ ጭስ አላርም ጥገና የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመሞከሪያው ቁልፍ ነው፦ በወር አንዴ ተጫኑ፣ ባትሪ ቀይሩ። ልክ ነው። እኔ ግን ከመሳቢያው መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር፣ ኤንኤፍፒኤ፣ ለዓመታት ሲመዘግብ እንደኖረው፣ በአገሪቱ በመኖሪያ ቤት እሳት ከሚሞቱ አምስት ሰዎች ሦስቱ ገደማ የሚሞቱት አላርም በሌለበት ወይም ኖሮ በማይሠራበት ቤት ነው። ለምን አልሠራም ተብሎ ሲመረመር ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚገኘው የተነቀለ ወይም ያለቀ ባትሪ ነው። የተነቀለበት ዋና ምክንያትም ባለቤቱ ያለ እሳት በሚሰማው ጩኸት መሰላቸቱ ነው። ስለዚህ ትልቁ የጥገና ሥራ ሣጥኑ ያለ ነገር እንዳይጮኽ ማድረግ ነው፤ ለዚህም ውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ ይረዳል።

ታሪኩ የሚጀምረው በሲጋራ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዋልተር ዬገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ የፊዚክስ ሰው መርዛማ ጋዝ የሚለይ መሣሪያ ለመሥራት ይደክም ነበር። ጋዙን ቢለቅበት መሣሪያው ምንም አላለም። እንደሚነገረው፣ ተስፋ ቆርጦ ሲጋራ ሲለኩስ የመለኪያው መርፌ ወደቀ። የአገሩ ሰው ኧርንስት ማይሊ ግኝቱን አዳብሮ ለትልልቅ ሕንፃዎች የሚሆን መሣሪያ አደረገው። ወደ ተራ ሰው ቤት ለመግባት ግን ሌላ ሲጋራ አስፈለገ። በ1960ዎቹ በዴንቨር ከተማ ዱዌን ፒርሳል የተባለ መሐንዲስ በፎቶ ማጠቢያ ክፍሎች የሚያስቸግረውን የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ የሚያጠፋ መሣሪያ ሲሠራ፣ አብሮት የሚሠራው ቴክኒሻን የሚያጨሰው ሲጋራ መለኪያውን አዛባበት። ከዚያ ብልሽት በባትሪ የሚሠራው የቤት አላርም ተወለደ፤ በ1970ዎቹም በብዛት ይመረት ጀመር። ሲጋራ በአሜሪካ በቤት እሳት ገዳይነት ለረጅም ዘመን ግንባር ቀደም ሆኖ መኖሩን ስናስብ፣ ለዚህ ፈጠራ ሁለት ጊዜ መዋሉ ከዕዳው ጥቂት ቢቀነስለት አይከፋም።

የዬገርን መንገድ የሚከተለው ዓይነት አዮናይዜሽን ይባላል። ውስጡ አሜሪሲየም 241 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር አለ፤ መጠኑ የአንድ ሚሊዮንኛ ግራም ሲሶ ገደማ ነው። ጨረሩ በሁለት ብረቶች መካከል ያለውን አየር የኤሌክትሪክ ሙል እንዲይዝ ያደርገዋል፤ በዚህም ቀጭን የኤሌክትሪክ ፍሰት ሳይቋረጥ ያልፋል። ጭስ ሲገባ ፍሰቱ ይቀንሳል፣ ሣጥኑ ይጮኻል። ጨረሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አየር አልፎ ስለማይሄድ ሣጥኑ እስካልተፈታ ድረስ የሚያሰጋ ነገር የለውም። ልጆች ፈታተው እንዳይጫወቱበት ግን መጠንቀቅ ነው፤ የአሜሪሲየሙ ኃይል በግማሽ ለመቀነስ 432 ዓመት ይፈልጋል።

ሁለተኛው ዓይነት በብርሃን ይሠራል፤ ፎቶኤሌክትሪክ ይሉታል። ጠዋት በቆርቆሮ ጣራ ቀዳዳ የሚገባ የፀሐይ ጨረር በጨለማ ቤት ውስጥ የሚታየው አቧራው ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው። ሣጥኑ ውስጥም የሆነው ይኸው ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ትንሽ መብራት ወደ አንድ አቅጣጫ ይበራል፤ ብርሃን የሚያነበው ዓይን ግን ጨረሩ በማያርፍበት ጎን ተቀምጧል። ጭስ ሲገባ ብርሃኑ ይበተናል፣ ከፊሉ ዓይኑ ላይ ያርፋል፣ አላርሙ ይነሣል።

ልዩነታቸው የቴክኒክ ወሬ ብቻ አይደለም። አዮናይዜሽኑ ደቃቅ ብናኝ ቶሎ ስለሚይዝ ነበልባል ይዞ ለሚነሣ እሳት ፈጣን ነው። ፎቶኤሌክትሪኩ ደግሞ ሶፋ ወይም ፍራሽ ውስጥ ገብቶ ለሰዓታት እየጨሰ ለሚቆይ እሳት ይበልጣል። መጥበሻ ላይ ከጋለ ዘይት የሚወጣው ለዓይን የማይታይ ብናኝ የመጀመሪያውን ዓይነት በቀላሉ ያስጮኸዋል። ኩሽና አጠገብ ያለው አላርም ሽንኩርት በተቁላላ ቁጥር የሚጮህበት ቤተሰብ እንግዲህ ሣጥኑን አውርዶ ጀርባውን ያንብብ። አዮናይዜሽን ከሆነ በፎቶኤሌክትሪክ ይለውጠው፤ ቦታውንም ያርቀው። ከምድጃው ቢያንስ 3 ሜትር፣ ከመታጠቢያ ቤት በር ደግሞ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ፤ የሻወር እንፋሎትም እንደ ጭስ ያታልለዋል። ኩሽናው ውስጥ የግድ አንድ ነገር ይኑር ከተባለ የሚስማማው የሙቀት አላርም ነው። ለጭስ ደንታ የለውም፤ 57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይጮኻል። የቀረውን ቤት ግን እሱ አይጠብቅም።

አምራቾቹም ችግሩን ያውቁታል። በቅርብ ዓመታት የተሻሻለው ዩኤል 217 የተባለው የአሜሪካ መስፈርት አዲስ አላርም የምግብ ጭስን ከእሳት ጭስ እንዲለይ ይጠይቃል። ለፈተናው የተመረጠው ምግብ ሃምበርገር ነው። እንደኛ ፍላጎት ቢሆን ቡናና ዕጣን ይጨመርበት ነበር። የሜሪላንድ ግዛት በበኩሏ በ2013 ባወጣችው ሕግ፣ በባትሪ ብቻ የሚሠራ የቤት አላርም ለአሥር ዓመት የሚያገለግል የማይነቀል ባትሪና የማብረጃ ቁልፍ እንዲኖረው አዘዘች፤ አሮጌዎቹን ለመለወጥ የተሰጠው ቀነ ገደብም ጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ነበር። መሳቢያውን በሕግ መዝጋት ማለት ነው። የማብረጃው ቁልፍ ለቡና ጠጪ የተሠራ ይመስላል፦ ሲጮህ አንዴ ይጫኑት፤ ለአሥር ደቂቃ ገደማ ንቃቱ ይቀንሳል፣ ከዚያ በራሱ ይመለሳል። ጭሱ ወፍራም ከሆነ ግን በመካከሉም ይጮኻል። ወንበር ላይ ለሚወጣው ሰው የመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ፍተሻው። በወር አንዴ የሚጫኑት ቁልፍ የሚነግርዎ ባትሪው፣ የውስጥ ሽቦውና ድምፁ በሥራ ላይ መሆናቸውን ነው። ጭስ ወደ ውስጥ መግባት መቻሉን አይነግርም። መግቢያ ቀዳዳዎቹ በአቧራ፣ በሸረሪት ድር ወይም፣ እጅግ በተለመደው ጥፋት፣ በቀለም ተደፍነው ሳለ ቁልፉ ሲጫን በደስታ ይጮኻል። ቤት ሲቀባ ቀለም ቀቢው ጣራውንም ሣጥኑንም በአንድ ሮለር ያልፋል፤ እንዲህ የተቀባ አላርም አይጸዳም፣ ይጣላል። ለአቧራው ግን በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ በቫኪዩም ለስላሳ ብሩሽ ዙሪያውን መሳብ በቂ ነው፤ ውኃና ሳሙና አይነካውም። ክብሪት ወይም ጋዜጣ አንድዶ መሞከር ደግሞ ሁለት ጊዜ ስሕተት ነው፤ ጥላሸቱ መሣሪያውን ያበላሻል፣ እሳቱም እሳት ነው። በእውነት በጭስ መፈተን የሚፈልግ ለዚሁ ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጥ የሚረጭ ጭስ አለለት።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሁሉ በተኛበት፣ በየደቂቃው አንዴ “ጢው” የሚል ድምፅ ሲሰማ ሰው ሰይጣን የገባበት ይመስለዋል። ምክንያቱ ተራ ነው። ቤቱ ሲበርድ የባትሪው ጉልበት ይወርዳል፤ በማለቅ ላይ ያለ ባትሪ በመጀመሪያ ከሚፈቀደው በታች የሚወርደው በሌሊቱ ብርድ ነው። ጠዋት ቤቱ ሲሞቅ ዝም ይላል፣ ባለቤቱም “ተሻለው” ብሎ ይረሳዋል። አዲስ ባትሪ ገብቶለትም “ጢው” ማለቱን ካላቆመ ጀርባው ላይ የታተመውን የምርት ቀን ማየት ነው። አሥር ዓመት ያለፈው አላርም ምንም ደህና ቢመስል ጊዜው አልፏል፤ በገመድ ከቤቱ መብራት ጋር የተያያዘውም ቢሆን ከዚህ አይወጣም።

ብዙ ቤተሰብ የማይሞክረው አንድ ፍተሻ አለ፦ ልጆች ተኝተው ሳለ ቁልፉን መጫን። የተኛ ሰው በጭስ ሽታ ይነቃል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ የሚቀሰቅሰው ድምፅ ነው። አላርሙ 3 ሜትር ርቀት ላይ 85 ዴሲቤል ቢጮህም፣ ድምፁ ቀጭን በመሆኑ ትናንሽ ልጆች በላዩ ላይ ተኝተው ያድራሉ። በኦሃዮ የሚገኝ አንድ የሕፃናት ሆስፒታል በ2018 ባወጣው ጥናት፣ በተለመደው ድምፅ የነቁት ከግማሽ እምብዛም ያልበለጡ ልጆች ሲሆኑ፣ የእናታቸው ድምፅ ተቀድቶ ሲሰማ ከአሥሩ ዘጠኝ ገደማ ነቅተዋል። ጆሯቸው የደከመ አያት ባሉበት ቤትም ቀጭኑ ድምፅ ቶሎ አይሰማም፤ ለእነሱ 520 ኸርዝ የሆነ ወፍራም ድምፅ ያለው አላርም ይሸጣል። የዛሬው ሶፋና ምንጣፍ አብዛኛው ከነዳጅ ተዋጽኦ የተሠራ ስለሆነ እሳት ከተነሣ በኋላ ለመውጣት የሚቀረው ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ይቆጠራል። ልጁ ካልነቃ ማን ይሄድለታል፣ አያትን ማን ይደግፋል የሚለው የዚያን ምሽት ተወስኖ ያልቃል።

አላርም በየመኝታ ክፍሉ፣ ከመኝታ ክፍሎቹ ውጭ ባለው ኮሪደርና በየፎቁ፣ ምድር ቤቱንም ጨምሮ፣ ይሰቀላል። እርስ በርሳቸው የተያያዙ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ምድር ቤት የጀመረው እሳት ሦስተኛ ፎቅ የተኛውን የሚቀሰቅሰው እንዲህ ሲሆን ነው። ሦስት ጩኸት ከዕረፍት ጋር እሳት ነው። አራት ሲሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ሁለተኛው በሐበሻ ቤት ልዩ ትኩረት ይፈልጋል፦ ከሰል ቤት ውስጥ አቀጣጥሎ በር መዝጋት የሚያመጣውን ሽታ የሌለው ጋዝ የጭስ አላርም አያውቀውም። ለእሱ ራሱን የቻለ ወይም ሁለቱን ያጣመረ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ከቤት ወጥተን ወደ ሱቅ፣ ሬስቶራንትና ቢሮ ስንገባ ሣጥኑ ብቻውን አይደለም። ጭስ ጠቋሚዎቹ፣ ግድግዳ ላይ ያለው ቀይ የማስጠንቀቂያ ቁልፍ፣ ጩኸቱና ብልጭታው ሁሉ ከአንድ ፓነል ጋር ይያያዛሉ። ፓነሉ ፊት ላይ አረንጓዴ መብራት ካለ የኤሌክትሪክ ኃይል አለ ማለት ነው። ቀይ እሳት ነው። ሰው የሚንቀው ቢጫውን ነው፤ አንድ ቦታ ገመድ ተቆርጧል፣ ባትሪ ደክሟል ወይም አንድ ጠቋሚ መልስ አይሰጥም ይላል። ቢጫ መብራት ለወራት በርቶ፣ ድምፁም እንዳይረብሽ ተዘግቶ ማየት የተለመደ ነው። እድሳት ሲደረግ አቧራ እንዳይገባ በላስቲክ የተሸፈነ ጠቋሚም ሠራተኛው ከሄደ በኋላ ከነላስቲኩ ይቀራል። በአሜሪካ ደንብ ባለሙያ በዓመት አንዴ እያንዳንዱን ጠቋሚ በረጅም ዘንግ ጫፍ ጭስ እየረጨ ይፈትናል፤ ከመጀመሩ በፊት አላርሙን ከርቀት ለሚከታተለው ድርጅት ካልደወለ የእሳት አደጋ መኪኖች በር ላይ ይደርሳሉ። በእንግሊዝ ድርጅቶች በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በየጊዜው ሌላ ቁልፍ እየመረጡ አላርሙን ያስጮኻሉ፤ ውጤቱም በመዝገብ ይጻፋል። ደንበኛ ፊት ቡና የሚቆላ ሬስቶራንት ይህን ለባለሙያው አስቀድሞ ቢነግረው ለአዳራሹ የሚስማማ ጠቋሚ ይመርጥለታል።

የሕንፃው አላርም የት ድረስ እንደሚሰማ ማወቅም የፍተሻው አካል ነው። ለንደን ውስጥ ጁን 14 ቀን 2017 ግሬንፌል ታወር በተቃጠለበት ሌሊት በአራተኛው ፎቅ አንድ ኩሽና ውስጥ ያለው የጭስ አላርም ሥራውን ሠርቷል፤ የተኛውን ነዋሪ ቀሰቀሰ፣ እሱም ወዲያው ወደ እሳት አደጋ ደወለ። ይሁን እንጂ ባለ 24 ፎቁ ሕንፃ ነዋሪውን ሁሉ የሚቀሰቅስ የጋራ አላርም አልነበረውም፤ እሳት ከአንድ ቤት አይወጣም በሚል እምነት መመሪያው “ባላችሁበት ቆዩ” ነበር። የግድግዳው ሽፋን እሳቱን ይዞት ወጣ። ከሞቱት 72 ሰዎች መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ።

በአዲስ አበባ ፎቆች ውስጥ ያሉት ፓነሎች የራሳቸው ፈተና አለባቸው፤ መብራት በሄደ ቁጥር የሚሠሩት በውስጥ ባትሪያቸው ነው። ደጋግሞ የሚሞላና የሚያልቅ ባትሪ ቶሎ ይደክማል፤ ስለዚህ አንድ ቀን የመብራት መስመሩን ከፓነሉ አጥፍቶ አላርሙ በባትሪ ብቻ መጮሁን ማየት ተገቢ ነው። ፓነሉ ወደ ውጭ የሚደውልበት መስመር ከሌለው ደግሞ ሌሊት ፊቱ ያለው ሰው ጥበቃው ነው። የትኛው መብራት የትኛውን ፎቅ እንደሚያመለክት በአማርኛ ተጽፎ ፓነሉ አጠገብ ይለጠፍለት፤ ጩኸቱን የሚዘጋው ቦታውን ሄዶ ካየ በኋላ ብቻ መሆኑ ይነገረው፤ የእሳት አደጋ ቁጥሩ 939 ከወረቀቱ ራስ ላይ በትልቁ ይጻፍ።