ማዕድና ካሜራ
በዓመት ሁለት ጊዜ ስንዴ በሚመረትበት በባሌው ሲናና የልደት በዓል የሚደርሰው አዝመራ በሚሰበሰብበት ሰሞን ነው። ይሁን እንጂ በየቤተ ክርስቲያናቸው ተልከው ለበጎ አድራጎት ወደ አገራችን ከሚመጡ እንግዶች አንዳንዶቹ በካሜራቸው የሚፈልጉት ባዶ ሳህን ነው።

ይህም መነሻ አለው። በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረፀው የረሃብ ምስል በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን ለእርዳታ አነሳስቷል፤ የብዙዎችንም ሕይወት ታድጓል። ዳሩ ግን የአንድ ዘመን መከራ የአገር መልክ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ እንግዳው አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ፤ የባለቤቶቹን ስም ይወቅ፤ ማዕዱ ሲባረክ ካሜራውን አስቀምጦ አብሮ ይቁረስ። ከዚያ በኋላ የሚያነሳው ፎቶግራፍ የተቀባይን እጅ ብቻ ሳይሆን የሰጪንም ያሳያል፤ በሲናና እንግዳውን የሚያበላው ገበሬው ነውና።